የሚንቀራፈፍ ኤስኤስዲ፤ ምን ብናደርገው ይፈጥናል?

ካሜራው_ከኮዬ

ሰላም ለቤቱ። ኮዬ ፈጬ ነው የምሠራው፣ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ዴስክቶፔ ላይ ሁለት ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አለ፤ አንዱ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት 240 ጊጋ ሳታ (የቆየው ዓይነት መስመር)፣ ሌላው ለፕሮጀክት የያዝኩት 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ (አዲሱና ፈጣኑ ዓይነት)። ያስቸገረኝ ኤንቪኤምኢው ነው። ከኤክስተርናል ኤስኤስዲ ፉቴጅ (የተቀረጸውን ቪዲዮ) ስገለብጥበት በሰከንድ 400 ሜጋባይት ብሎ ይጀምራል፣ ትንሽ ይሄድና 70 ላይ ወርዶ እዚያው ይንፏቀቃል። አዲስ የገዛሁት ሰሞን እንዲህ አልነበረም።

ጥር ገብቷል፣ ሙሽሮች እየደወሉ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ዲፍራግ አድርጉት (የተበታተነውን ፋይል ሰብስቡት) ይላል፣ ሌላው ሬጅስትሪ (የዊንዶውስን የውስጥ ቅንብር) ነካኩ ይላል፣ ሦስተኛው የራይት ካሽ ሳጥኖቹን ምልክት አድርጉ ይላል። የቱን ልስማ? ኤስኤስዲ ማፍጠን የሚባል ነገርስ አለ?

ቀልደኛው_ለገጣፎ

አለ። ሸጠህ ሌላ ትገዛለህ። ቀጣይ ጥያቄ!

ጠጋኝ_ገላን

ወንድሜ ከዩቲዩቡ አንዱንም ሳትነካ ቆይ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርድና የሚያሳይህን እዚህ ጻፍልን። ሙቀቱ ስንት ነው? «ትራንስፈር ሞድ» (ዲስኩ የተገናኘበት መስመር) የሚለው ላይ ምን ተጽፏል? ሞዴሉን ፈልገህ ደግሞ ቲኤልሲ (በአንድ ሴል 3 ቢት የሚይዝ) ይሁን ኪውኤልሲ (4 ቢት የሚይዝ) እይ። ከሁሉም በላይ ግን ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ ቀርቶታል?

ዲፍራግ የሚለውን እርሳው። እሱ የሀርድ ዲስክ መድኃኒት ነው። ሀርድ ዲስክ የንባብ ጫፉ እየተንቀሳቀሰ ስለሚፈልግ የተበታተነ ፋይል ያንገላታዋል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ውስጡ የለም፤ ዲፍራግ የሚያተርፍልህ ያለ ጥቅም መጻፍን ብቻ ነው፣ ዕድሜውም የሚያልቀው በመጻፍ ነው።

ካሜራው_ከኮዬ

እሺ። ሙቀቱ 52 ዲግሪ ይላል። ትራንስፈር ሞድ ላይ «ፒሲአይኢ 3.0 ኤክስ4 | ፒሲአይኢ 3.0 ኤክስ4» ተጽፏል። ኪውኤልሲ ነው፣ ዲራም (ፋይሉ የት እንዳለ የሚመዘግብበት ፈጣን ሚሞሪ) የለውም። ባዶው ከ931 ጊጋ ውስጥ 72 ጊጋ ነው። የአንድ ሠርግ ፉቴጅ ወደ 60 ጊጋ ይመጣል።

ጠጋኝ_ገላን

በቃ ተገኘ። ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ኤስኤስዲ ውስጥ ያለው ናንድ ፍላሽ (ዳታው የሚቀመጥበት ቺፕ) የሚጻፈው በገጽ በገጽ ነው፤ የሚጠፋው ግን በብሎክ ነው፣ አንድ ብሎክ ደግሞ በመቶዎችና ከዚያ በላይ የሚቆጠሩ ገጾች ይይዛል። ተጽፎበት ያለ ገጽ ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ዲስኩ ሲጠብብ ኮንትሮለሩ (የኤስኤስዲው አዛዥ ቺፕ) በብሎኩ ውስጥ ገና የሚያስፈልጉትን ገጾች ለቅሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል፣ ብሎኩን ያጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ያንተ ፋይል ተራ የሚደርሰው። አንተ 1 ጊጋ ጻፍኩ ስትል እሱ ከውስጥ ሁለትና ሦስት ጊጋ እያገላበጠ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ያንተው ኪውኤልሲ ነው፣ በአንድ ሴል 4 ቢት ያጭቃል። 4 ቢት ማጨቅ ጊዜ ይወስዳል። ይህን ለመሸፈን ፋብሪካዎቹ ከባዶው ቦታ ላይ ቀንሰው ለጊዜው በአንድ ሴል 1 ቢት ብቻ ይጽፉበታል፤ ኤስኤልሲ ካሽ የሚሉት ይህን ነው። አንተ ስለሚገባህ በድንኳን ልንገርህ። እንግዳው ድንኳኑ እስኪሞላ እየተግተለተለ ይገባል፣ ከሞላ በኋላ ግን አንዱ በልቶ ሲወጣ ነው ሌላው የሚገባው። ያ 70 ሜጋባይት በር ላይ የቆመው ሰው ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከት። 400 ጊጋ ባዶ ቢኖርህ ካሹ ቢበዛ 100 ጊጋ ይደርሳል፣ ሴሉ ከአራት ቢቱ አንዱን ብቻ ስለሚይዝ። በ72 ጊጋ ባዶ ግን 18 ጊጋ ነው ጣሪያው። በ400 ሜጋባይት 18 ጊጋ ማለት 45 ሰከንድ አካባቢ ነው። እስቲ ሰዓት ይዘህ ገልብጥና ፍጥነቱ ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደሚወርድ ንገረኝ።

ካሜራው_ከኮዬ

አሁን ሞከርኩት። ደቂቃ ሳይሞላ ወረደ! ቤቴ ገብተህ ያየህ ነው የሚመስለው።

ቱርቦ_ቃሊቲ

ወሬ ታበዛላችሁ። ዲቫይስ ማናጀር ግባ፣ ዲስኩን ሁለቴ ጫነው፣ «ፖሊሲስ» የሚለው ውስጥ ሁለት ሳጥን አለ። የመጀመሪያው ቀድሞም ምልክት አለው። ሁለተኛውን፣ ቴርን ኦፍ ራይት ካሽ በፈር ፍላሺንግ የሚለውን፣ ምልክት አድርግ። እኔ ቤንችማርኬ (የፍጥነት መለኪያዬ) ላይ የመጻፍ ቁጥሩ ወዲያው ነው የጨመረው። አለቀ።

ጡረተኛው_ሰበታ

ልጄ ቱርቦ፣ ቁጥሩ መጨመሩን አልክድህም። ከሳጥኑ ሥር የተጻፈውንስ አንብበኸዋል? መብራት ሲጠፋ በፈሩን ማራገፍ የሚያስችል የተለየ የኃይል ምንጭ ከሌለው በቀር ይህን አትምረጥ፣ ዳታህ ይጠፋል ይላል። የጻፈው ራሱ ማይክሮሶፍት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሞች አንዳንድ ጊዜ ዊንዶውስን «ይህን የምር ዲስኩ ላይ አሳርፍልኝ፣ ማረፉን ሳታረጋግጥ አትመለስ» ይሉታል። ያ ሳጥን ምልክት ሲደረግበት ዊንዶውስ ትእዛዙን ለዲስኩ ማስተላለፍ ይተዋል። ፋይሉ አለቀ ይልሃል፤ ዳታው ግን ገና ተንሳፍፎ ነው ያለው። ሰርቨር ውስጥ የሚገቡ ኤስኤስዲዎች መብራት ሲቋረጥ የቀረውን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር ተሸክመዋል። እኛ ከሱቅ የምንገዛቸው ግን በአብዛኛው የላቸውም።

እኔ ሰበታ ነው ያለሁት። መብራቱ ሲሄድ ተናግሮ አይሄድም፣ ሲመጣም ብልጭ ብልጭ ብሎ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሰው ሠርግ ተሸክሞ ያንን ሳጥን መንካት ለቁጥር ብሎ ነው። ኬክ የሚቆረሰው አንድ ጊዜ ነው፣ ድገሙልኝ አትልም።

ቱርቦ_ቃሊቲ

ጋሼ እኔ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) አለኝ።

ጡረተኛው_ሰበታ

ባትሪው ካልደከመ ያንተ ሌላ ነገር ነው። እሱ ግን ዩፒኤስ አለኝ አላለም።

ካሜራው_ከኮዬ

የለኝም ጋሼ። ስታቢላይዘር ብቻ ነው ያለኝ።

ጡረተኛው_ሰበታ

ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አይዝህም። ሳጥኑን ተወው። ከመጪው ሠርግ ክፍያ ላይ ትንሽ ዩፒኤስ ግዛ፣ ፋይል ዘግተህ እስክታጠፋ የምታቆይህ ትበቃለች።

ፔንግዊን_ለገጣፎ

ትሪምን ያነሳው የለም እኮ! ፋይል ስታጠፋ ዊንዶውስ ስሙን ከዝርዝሩ ይሰርዛል እንጂ ኤስኤስዲው በራሱ አያውቅም። ያ ገጽ አሁንም የሚፈለግ መስሎት ከብሎክ ብሎክ ተሸክሞት ይዞራል። ትሪም ማለት ሲስተሙ «እነዚህ ገጾች አያስፈልጉም» ብሎ ለዲስኩ የሚነግርበት ትእዛዝ ነው። ዊንዶውስ ከ2009ኙ ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያውቀዋል። ስታርት ላይ «ዲፍራግመንት» ብለህ ስትፈልግ የሚመጣው «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» ውስጥ ግባ፤ ከዲስኩ ጎን «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» የሚል ከሆነ ኦፕቲማይዝ የሚለውን መጫን ትሪም ይልካል፣ አትፍራው። ሀርድ ዲስክ ነው የሚል ከሆነ ግን እጅህን አንሳ፣ ዊንዶውስ በትክክል አላወቀውም ማለት ነው።

እኛ ኡቡንቱ የምንጠቀም ሰዎች ደግሞ ኤፍኤስትሪም የሚባለው በሳምንት አንዴ በራሱ ይሠራልናል። አለመቻል ነው እንጂ ሊኑክስ ብትገቡ...

ቀልደኛው_ለገጣፎ

ይኸው ጀመረ! ሰው ስለ ራስ ምታት ቢጠይቅ ይሄ ልጅ ሊኑክስ ጫን ነው የሚለው።

ጠጋኝ_ገላን

የትሪሙ ነገር እውነት ነው፣ እዚህ እኛ ሰፈር ደግሞ የሚብስበት ምክንያት አለ። ዊንዶውስ ፋይል ሲጠፋ ወዲያው ትሪም ይልካል፤ ጠቅላላውን ትሪም በሳምንት አንዴ የሚልከው ግን ኮምፒውተሩ በርቶ ሥራ ሲፈታ ጠብቆ ነው። ኤስኤስዲውም ካሹን ወደ ኪውኤልሲ የሚያራግፈውና የቆሸሹ ብሎኮችን የሚያጸዳው ሥራ ሲፈታ ነው፣ ለዚህም መብራት ይፈልጋል። እኛ ግን መብራት እያለ እንሮጥበታለን፣ ሬንደሩ ሲያልቅ ሳይሄድብኝ ብለን ቶሎ እናጠፋለን። ዲስኩ የሚያርፍበት ሰዓት አያገኝም።

ስለዚህ ትልቅ ፋይል ከገለበጥክ ወይም ብዙ ካጠፋህ በኋላ ኦፕቲማይዝ አድርገው፣ ከዚያ ፕሮግራሞቹን ዘግተህ ኮምፒውተሩን እንደበራ ተወው። ስሊፕ እንዳይገባ ብቻ እይ፤ ስክሪኑ ቢጠፋ ችግር የለውም።

ጽሕፈት_ቤት_ጀሞ

ይቅርታ በመሀል ልግባ። እኔ ቪዲዮ አልሠራም፣ ጀሞ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤስኤስዲ አስገጥሜያለሁ። የገጠመልኝ ልጅ ሀርድ ዲስኩን በቦታው ትቶ ኤስኤስዲውን የዲቪዲው ቦታ ላይ በካዲ (በዲቪዲው ልክ በተሠራ መያዣ) ነው ያስገባው። ከድሮው ይሻላል ግን ሰዎች እንደሚሉት አይበርም። ያቺ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ «ሳታ/300 | ሳታ/600» ትለኛለች። ምን ማለት ነው?

ጠጋኝ_ገላን

እህቴ መልሱ እሱው ላይ ነው ያለው። በስተቀኝ ያለው ዲስኩ የሚችለው፣ በስተግራ ያለው አሁን የሚሄድበት ነው። ኤስኤስዲሽ ሳታ 3 ነው፣ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል፤ ያለበት መስመር ግን ሳታ 2 ስለሆነ ከ280 ብዙም አያልፍም። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች የዲቪዲው መስመር ከዋናው የዘገየ ነው፣ ዲቪዲ ከዚያ በላይ ስለማይፈልግ። ልጁ ያቀያይርልሽ፤ ኤስኤስዲው ዋናው ቦታ፣ ሀርድ ዲስኩ ካዲው ውስጥ። ሀርድ ዲስክ 280 ስለማይደርስ ምንም አይጎድልበትም። ዊንዶውሱ በድጋሚ መጫን አያስፈልገውም፤ ባዮስ ውስጥ የቡት ተራውን ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል እንጂ።

ባዮስ ከገባችሁ አይቀር ሳታው «አይዲኢ» (የድሮው አሠራር) ላይ ሳይሆን «ኤኤችሲአይ» (አዲሱ) ላይ መሆኑን ያረጋግጥ። አይዲኢ ላይ ሆኖ ካገኘው ግን ዝም ብሎ እንዳይቀይረው፣ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። መጀመሪያ ሴፍ ሞድ እንዲነሳ ያዘጋጀዋል፣ ከዚያ ባዮስ ውስጥ ይቀይራል፣ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሳ በኋላ ወደ ተለመደው ይመልሰዋል።

ጡረተኛው_ሰበታ

የድሮው ሀርድ ዲስክ በክሎን (ዲስኩን ከነዊንዶውሱ እንዳለ በመቅዳት) ከተገለበጠ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የመጣ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ከ63ኛው ሴክተር ነው የሚጀምረው፣ ያ ከኤስኤስዲ ገጽ ጋር አይገጥምም፤ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ላይ ይጋልባል። ከቪስታ ወዲህ ያሉት ከ1 ሜጋባይት ስለሚጀምሩ ይህ ችግር የለባቸውም። አዲስ ተጭኖ ከሆነ አታስቢበት።

ጽሕፈት_ቤት_ጀሞ

አዲስ ነው የተጫነው ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ አስቀይረዋለሁ።

ቱርቦ_ቃሊቲ

ካሜራው፣ ፒሲአይኢ 4.0 የሆነውን ብትገዛስ? 7000 ሜጋባይት የሚለውን። ያኔ ካሽ ምናምን አያሳስብህም።

ጠጋኝ_ገላን

ማዘርቦርዱ 3.0 ከሆነ 3500 አካባቢ ላይ ነው የሚያቆመው። እሱንም ተወው። ፉቴጁ የሚመጣው ከዩኤስቢ ነው፤ 5 ጊጋቢት የሆነው ዩኤስቢ 3 በተግባር ከ400 እስከ 450 ሜጋባይት ነው የሚሰጠው። መግቢያው 400 ሆኖ መቀበያውን 7000 ማድረግ ገንዘብ መበተን ነው። ይልቅ የሚገዛ ከሆነ ቲኤልሲ ይሁን፣ ዲራም ቢኖረው ይመረጣል። ቲኤልሲም ካሹ ሲሞላ ይወርዳል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መቶዎች ላይ ይቆማል። ኪውኤልሲ ውስጥ ከሀርድ ዲስክ በታች የሚወርዱ አሉ።

ሌላም ነገር ልበል፣ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ረጅም ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ያለው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበበው ግን እዚህም እዚያም ያለ 4 ኪሎባይት ቁርጥራጭ ነው። እዚያ ላይ ጥሩ ኤንቪኤምኢ እንኳ በአስር ቤት ሜጋባይት ነው የሚሄደው፣ ሳታውም ብዙ አይርቀውም፤ ሀርድ ዲስክ ግን 1 ሜጋባይት አይሞላም። ከሀርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ የተሻገረ ሰው «በረረ» የሚለው፣ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ የሄደው ደግሞ «ይሄ ነው?» የሚለው ለዚህ ነው።

ፔንግዊን_ለገጣፎ

ሙቀትም እንዳይረሳ። ኮንዶሚኒየም መጨረሻ ፎቅ ቆርቆሮው ሥር የምትሠሩ፣ በበጋ ቀትር ላይ ኤንቪኤምኢያችሁ ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ተወትፎ ከሆነ ሬንደር ላይ ዲግሪውን ተመልከቱት። 70 እና 80 መሀል ሲገባ ብዙዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ከ2000 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቬንትሌተር የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ቀጭን የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ ትበቃለች። የካሜራው 52 ስለሆነ የእሱ ችግር ይህ አይደለም።

ጡረተኛው_ሰበታ

ያገለገለ ኤስኤስዲ ለምትገዙ አንድ ታሪክ ልጨምር። በ2014 ሳምሰንግ 840 ኢቮ የሚባለው ላይ አዲስ የተጻፈው ፋይል ፈጥኖ ይነበባል፣ ወራት ያለፈው ግን ይጎተታል የሚል አቤቱታ በዛ። ሴሎቹ ውስጥ ያለው ቻርጅ በጊዜ ብዛት እየተንሸራተተ፣ ኮንትሮለሩ ደጋግሞ ለማንበብ ይገደድ ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ማስተካከያ አወጣ፣ አልበቃ ብሎ በ2015 ሌላ ፋየርምዌር (ዲስኩን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ጨመረ። የእናንተም አሮጌ ፋይል ብቻ ለይቶ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ወስዶ መመለስ፣ ማለትም እንደ አዲስ ማስጻፍ፣ ያነቃዋል። ፋየርምዌር የምታድሱ ግን መብራት የሚያስተማምን ሰዓት ምረጡ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ። በመሀል ከተቋረጠ ዲስኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ካሜራው_ከኮዬ

ያላችሁትን አድርጌ ተመለስኩ። ደንበኛ የተረከባቸውን ያለፈ ዓመት ፕሮጀክቶች በሙሉ ወደ 4 ቴራ ሀርድ ዲስክ አወጣኋቸው። ኤንቪኤምኢው ላይ 380 ጊጋ ባዶ ሆነ። ኦፕቲማይዝ ብዬ ማታውን እንደበራ አሳደርኩት፣ ደግነቱ መብራት አልሄደም። ዛሬ የእሑዱን ሠርግ 64 ጊጋ ገለበጥኩ፤ ከ400 ፈቅ ሳይል ጨረሰ። ታይምላይኑም ቀለለኝ። ሬጅስትሪ አልነካሁም፣ ሳጥኑንም አልነካሁም።

የፕሪሚየር (የማዘጋጅበት ፕሮግራም) ሚዲያ ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ፋይሎቹ፣ ዊንዶውሱ ባለበት 240 ላይ ነው ያለው። ወደዚህ ላምጣው?

ጠጋኝ_ገላን

240ው ላይ ከ50 ጊጋ በላይ ባዶ ካለ እዚያው ይቆይ፤ ፉቴጁ ከአንዱ፣ ካሹ ከሌላው ሲነበብ ይጋገዛሉ። ካሹ ግን ሳይታወቅ ስለሚያብጥ ፕሪሚየር ውስጥ ከዚህ በላይ አትለፍ ብለህ ገደብ ስጠው።

ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ የለም አይደል? ያኔ ያለህን ሁሉ አውጣና ሴኪዩር ኢሬዝ አድርገው፤ የአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ ወይም ባዮስ ውስጥ ይገኛል። ሁሉንም ሴል ባንድ ጊዜ ባዶ ስለሚያደርግ ዲስኩ አዲስ ወደነበረበት ፍጥነት በጣም ይቀርባል። ዳታ የሚባል አይተርፍም፣ ትክክለኛውን ዲስክ መምረጥህን ደጋግመህ እይ። ከዚያ ፓርቲሽን ስትሠራ 100 ጊጋ ያህሉን ሳትመድበው ተወው። ባዶ ቦታ መተው ራሱ ያው ነው የሚሠራው፣ ግን ጥር ላይ ስትጣበብ እጅህ ወደዚያ እንዳይሄድ ነው።

ቀልደኛው_ለገጣፎ

ሸጠህ ግዛ ያልኩትን ማንም አልሰማኝም፣ ሆኖም እንኳን ደስ አለህ።

አዲስ_ገቢ_ቱሉዲምቱ

ሰላም፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ለመጠባበቂያ የሚሆን አንድ ነገር ቴሌግራም ላይ አይቻለሁ፣ 16 ቴራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ፣ ዋጋው ደግሞ ከ1 ቴራው ያንሳል። ብገዛው ይፈጥናል?

ጠጋኝ_ገላን

አይግዙት። እንዲህ ያሉት ሲከፈቱ ውስጣቸው ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ተለጥፎ ነው የሚገኘው፤ 16 ቴራ ነኝ እንዲል ፋየርምዌሩ ተነካክቷል። ትክክለኛ መጠኑ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፣ የፋይሉ ስም ይታያል ውስጡ ግን የለም።

አዲስ_ገቢ_ቱሉዲምቱ

ጓደኛዬ ቀድሞ ገዝቶታል። እንዴት ይፈትሸው?

ፔንግዊን_ለገጣፎ

ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩን ጠርዝ ድረስ ይሞላና መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። በሊኑክስ ኤፍ3 ይባላል (ቀልደኛው፣ ዝም በል)። ላይ ያለውን ፋይል መጀመሪያ ያውጣ። ሻጩ ገንዘብ ይመልስ እንደሆነ የሙከራውን ውጤት ፎቶ አንስቶ ይያዝ።